ለአንድ ሌሊት ሕክምና ሦስት ቢል መጣብን፤ የትኛውን ነው የምንከፍለው?

እናት ከአሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከአራት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ምሽት ባለቤቴን ቀኝ ጎኑን ድንገት ወጋው፤ ሕመሙ እየባሰ ሄዶ መቆምም መተኛትም ሲያቅተው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በአቅራቢያችን ወዳለ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ወሰድኩት። እንደ ደረስን የደም ግፊቱንና ሙቀቱን ለክተው «ተቀመጡ» አሉን፤ ሐኪም ያየው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ሲያቃስት አጠገቡ ከመቀመጥ በቀር ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ደም ተወሰደለት፣ ሲቲ ስካን ተነሣ፣ የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ፤ ማስታገሻ ተሰጥቶትና ዩሮሎጂስት (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪም) ዘንድ እንዲቀርብ ተነግሮት ሲነጋ ወደ ቤት ተመለስን። የዩሮሎጂስቱ ቀጠሮ የተገኘው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበር። ሐኪሞቹ የሚሉትን ሁሉ በእንግሊዝኛ መከታተል ስለሚያስቸግረን ሲተረጉምልን ያደረው የ13 ዓመት ልጃችን ነው።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ፖስታ መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ከሆስፒታሉ ሲሆን 7,200 ዶላር ይላል። ሁለተኛው ስሙን ሰምተን ከማናውቀው የሐኪሞች ድርጅት የተላከ የ1,180 ዶላር፣ ሦስተኛው ሲቲ ስካኑን ካነበበው ሌላ ድርጅት የመጣ የ95 ዶላር ቢል ነው። በመካከሉ ከኢንሹራንሳችን አራተኛ ወረቀት መጣ፤ እሱም «የእርስዎ ድርሻ 2,640 ዶላር» ይላል። ሁሉንም ስደምረው 11,115 ዶላር ሆነብኝ።

ኢንሹራንሱ በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል የተገባ ነው፤ ክፍያው ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ዲዳክቲብሉም፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሳችን የምንከፍለው፣ 3,000 ዶላር መሆኑን አውቃለሁ። እሱ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ እኔ በሳምንት ሦስት ቀን አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ ሦስት ልጆች አሉን። ሆስፒታሉ ዘንድ ስደውል አርባ ደቂቃ ካስጠበቁኝ በኋላ «ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ» አሉኝ፤ ኢንሹራንሱም በተራው «ሆስፒታሉን ይጠይቁ» አለኝ። ትናንት የደረሰን ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ ሂሳቡን ወደ ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ወደሚሰበስብ ድርጅት፣ እንልካለን ይላል። ባለቤቴ ክሬዲት ካርድ ላይ አድርገን እንገላገል ባይ ነው፤ እኔ ግን ምን እንደሆነ እንኳ ያልተረዳሁትን ዕዳ ለመክፈል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለመሆኑ ያለብን ስንት ነው? ለማንስ ነው? ያለፈበት ሰው ቢመልስልኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

የቢል ክፍል ሠራተኛ

እህቴ፣ ባለቤትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ቢል በማዘጋጀት ሥራ ላይ ስለቆየሁ የገጠማችሁን ነገር በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እንድመልስ ይፍቀዱልኝ።

ከሁሉ በፊት፣ አራተኛው ወረቀት ቢል አይደለም። ኢኦቢ የሚባለው፣ ኢንሹራንሱ ሂሳቡን እንዴት እንደሠራው የሚገልጽበት ማብራሪያ ነው፤ ልብ ብለው ከፈለጉ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል መስመር ያገኙበታል። ስለዚህ 2,640 ዶላሩ በ7,200ው ላይ የሚደመር ሳይሆን በ7,200ው ፋንታ የሚቆም ቁጥር ነው። ሆስፒታሉ ለራሱ የሚያወጣው የዋጋ ዝርዝር አለው፤ ከኢንሹራንሱ ጋር የተዋዋለበት ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው። ሆስፒታሉ በኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ካላቸው አንዱ፣ እስከሆነ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለውን 4,560 ዶላር ከእናንተ ሊጠይቅ አይችልም። የ7,200ው ቢል ምናልባት ኢንሹራንሱ ሠርቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ ወይም የውሉ ቅናሽ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ገና ያልተቀነሰበት ይሆናል።

አንዱ ወደ ሌላው እየመራ ላመላለሰዎት ነገር መፍትሔው እንዲህ ነው። ኢኦቢውን በእጅዎ ይዘው ወደ ኢንሹራንሱ ይደውሉ፤ እርስዎ በመስመሩ ላይ እንዳሉ ለሆስፒታሉ የቢል ክፍል ደውለው በሦስትዮሽ እንዲያነጋግሩ ይጠይቋቸው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ «እነሱን ጠይቂ» የሚል መልስ ቦታ አያገኝም። ሂሳቡ እስኪጣራ ድረስ እንዲታገድ ይጠይቁ፤ ያነጋገረዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ቁጥር ይጻፉ። ይህች ማስታወሻ ኋላ ላይ ከማንኛውም ክርክር በላይ ስትጠቅም አይቻለሁ።

ወደ 1,180 ዶላሩ ልምጣ። ሆስፒታሉ በኔትወርክ ውስጥ ቢሆንም በኢመርጀንሲው የሚሠሩት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሌላ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ያም ድርጅት ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ላይኖረው ይችላል። ቀደም ሲል ልዩነቱን በሙሉ ከበሽተኛው ይጠይቁ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ግን ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ በድንገተኛ ሕክምና ላይ ይህን ይከለክላል። እናንተ የምትከፍሉት ሐኪሙ በኔትወርክ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የምትከፍሉትን ያህል ብቻ ነው፤ በቀረው ድርጅቱና ኢንሹራንሱ እርስ በርሳቸው ይከራከሩበታል። ለምሳሌ ያህል ላስላው፦ ከዲዳክቲብላችሁ 2,640 ዶላር በሆስፒታሉ ቢል ከተሞላ የሚቀረው 360 ዶላር ነው። ሲቲ ስካኑን ላነበበው 95 ዶላር ቢሄድ 265 ይቀራል። ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ 400 ዶላር ተገቢ ነው ቢልና የእናንተ ድርሻ ከዲዳክቲብሉ በኋላ 20 በመቶ ቢሆን፣ የምትከፍሉት 265 ዶላርና ከቀረው 135 ላይ 27 ዶላር፣ በድምሩ 292 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ከ1,180 ጋር ያስተያዩት። ኢንሹራንሱ «ከኔትወርክ ውጭ ነው» ብሎ ይህን ሂሳብ ከልክሎ ከሆነ፣ የክልከላው ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ ይህ ሕግ የመንገድ አምቡላንስን አይጨምርም፤ በራሳችሁ መኪና መሄዳችሁ አንድ ሌላ ፖስታ አስቀርቶላችኋል።

በመጨረሻ ከሆስፒታሉ ዝርዝር ቢል ይጠይቁ፤ አንድ ድምር ብቻ የተጻፈበትን ወረቀት አይቀበሉ። በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት የኮድ ቁጥር አለው። የኢመርጀንሲ ጉብኝት ከ99281 እስከ 99285 ባሉ አምስት ደረጃዎች ይመዘገባል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ዋጋው ያድጋል። የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ሳይኖረው 74176፣ በቀለም ከሆነ 74177፣ ያለ ቀለምና በቀለም ሁለቴ ከተነሣ 74178 ነው። የኩላሊት ጠጠር ለመፈለግ በአብዛኛው ያለ ቀለም ስለሚነሣ፣ ቀለም ሳይሰጠው 74178 ተጽፎ ካገኙ ስሕተት ነው፤ እንዲያርሙት ይጠይቁ።

ነርስ፣ ኢመርጀንሲ

ወንድማችን በቢሉ ላይ የሚጨመር ነገር አላስቀሩም፤ እኔ ስለ አምስቱ ሰዓት ልናገር፤ ምክንያቱም ወንበር ላይ የሚያቃስተውን ሰው እያየሁ ማለፍ የእኔም የየሌሊት ሕመም ነው።

በኢመርጀንሲ ተራ የሚያዘው በመድረሻ ሰዓት አይደለም። እንደ ገባችሁ የለካችሁ ነርስ ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ትሰጣለች፤ አንድ ማለት አሁኑኑ ካልታከመ የሚሞት ሰው ነው። የጎን ሕመም፣ የደም ግፊቱና ትንፋሹ ደኅና እስከሆነ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይወድቃል፤ በጣም የሚሰቃየውም የሚጠብቀውም ይኼ መካከለኛው ሕመምተኛ ነው። የመዘግየቱ ትልቁ ምክንያት ግን ከመጠበቂያው ክፍል አይታይም። እንዲተኙ የተወሰነላቸው በሽተኞች በላይኛው ፎቅ አልጋ ወይም ነርስ ስለሌለ የኢመርጀንሲውን አልጋ ይዘው ያድራሉ፤ አንዳንዴ ከግማሹ በላይ አልጋ በእነሱ ይያዝና አዲስ የመጣውን የምናስተኛበት እናጣለን። ስለዚህ ሕመሙ ከባሰ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረ፣ ተመልሳችሁ ለዚያችው ነርስ ንገሩ፤ ደረጃው እንደገና ሊታይ ይገባል። እየጠበቃችሁም ማስታገሻ መጠየቅ ትችላላችሁ። በ1986 በወጣው ኢምታላ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ኢመርጀንሲ ያለው ሆስፒታል፣ ሜዲኬር የሚባለውን በዋናነት የአረጋውያን የሆነ የመንግሥት ኢንሹራንስ እስከተቀበለ ድረስ፣ የመክፈል አቅምን ሳይጠይቅ የመጣውን ሁሉ መመርመርና አጣዳፊ ሁኔታው እስኪረጋጋ ማከም አለበት።

ስለ ልጃችሁ ደግሞ ልቤ ተነክቷል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሕይወትን የሚያሰጋ አስቸኳይ ሁኔታ ከሌለም ሕፃን ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይፈቀድለትም። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገኛል። በሚቀጥለው ጊዜ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት ላይ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ለቢል ክፍሉም ሲደውሉ እንዲሁ። ልጅ የአባቱን ሕመም ስም ለእናቱ እንዲነግር መደረግ የለበትም።

ለዩሮሎጂስቱ ቀጠሮ፣ ሰው ሲቀር የሚጠሩበት ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገቧችሁ ይጠይቁ፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ቢሮ በራሱ ሲደውል ደግሞ ስድስቱ ሳምንት ወደ ሁለት ሲወርድ አይቻለሁ።

አባት ከባልቲሞር

እህቴ፣ ክሬዲት ካርዱን አይንኩት። እኔ ነክቼዋለሁና ነው የምለምንዎት። ከስድስት ዓመት በፊት ልጄ እጁ ሲሰበር የመጣልኝን 3,900 ዶላር ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬ ጠዋት በካርድ ከፈልኩት። ሂሳቡ ትክክል መሆኑን አልጠየቅኩም፤ እርዳታ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ወለዱን ጨምሮ ከፍዬ እስክጨርስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

አንዴ ካርድ ላይ ከወጣ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ይቀርና ተራ የካርድ ዕዳ ይሆናል። የሕክምና ዕዳ ሆኖ ሲቆይ ግን ብዙ ነገር ይከልለዋል። ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ኮሌክሽን የገባ የሕክምና ዕዳን አንድ ዓመት ሳይሞላው አያሳዩም፤ ከ2023 ጀምሮም ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ጨርሶ አስወግደዋል። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ ደግሞ፣ አብዛኞቹም እንዲያ ናቸው፣ የፌዴራል የግብር ሕግ የፋይናንስ ድጋፍ መመሪያ እንዲኖረው ያስገድደዋል። ከመጀመሪያው ቢል ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናትም ሊከሳችሁ ወይም በክሬዲታችሁ ላይ ሊያስመዘግብ አይችልም። የእናንተ የመጀመሪያ ቢል ከመጣ ገና ሦስት ወር አልሞላውም፤ ጊዜ አላችሁ። ኢንሹራንስ ያለው ሰው አይመለከተውም የሚለው ወሬ ለሁሉም ሆስፒታል እውነት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዲዳክቲብልን ጭምር ይቀንሳሉ ወይም ይሰርዛሉ። አምስት ቤተሰብ ይዛችሁ በምትሉት ገቢ ሳታመለክቱ እንዳትቀሩ።

ማስጠንቀቅ የምፈልገው አንድ ነገር፣ እኛ ያለንበት ሜሪላንድ የሆስፒታልን ዋጋ የሚወስነው የግዛቱ ኮሚሽን ስለሆነ በዚህ ያሉ ወዳጆች የሚነግሯችሁ ሁሉ ለቨርጂኒያ ላይሠራ ይችላል።

አንባቢ ከዴንቨር

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ማንም ዋጋውን አስቀድሞ አለመናገሩ ነው። በ2023 ይህች አገር ለጤና 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታለች፤ ይኸውም ከጠቅላላ ምርቷ 17.6 በመቶ ነው። ያን ያህል የሚወጣበት ነገር ግልጽ ሊሆን አይገባም ወይ? ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ከ2021 ጀምሮ ታዘዋል፤ ነገር ግን ጎኑን ይዞ የሚያቃስት ሰው በሺህ የሚቆጠር መስመር ያለው ፋይል ከፍቶ ሊያነብ አይችልም። ኢንሹራንሳችን ከሥራችን ጋር መታሰሩም የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 ደመወዝ እንዳይጨመር ሲታገድ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፈንታ ኢንሹራንስ መስጠት ስላበዙ ነው። እስከ ዛሬም ሥራውን የሚያጣ ሰው በዚያው ቀን ሐኪሙንም ያጣል ብሎ ይሰጋል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰኞ እንደተባልኩት በሦስትዮሽ አነጋገርኳቸው፤ አስተርጓሚም ጠይቄ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኘሁ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ቅናሹ እንዳልተቀነሰ አምናለች፤ 7,200ው ወደ 2,640 ወርዷል፤ ሂሳቡም ለ60 ቀን ታግዷል። ዝርዝር ቢሉ በፖስታ ይመጣል ተብያለሁ። 95 ዶላሩን በኢኦቢ ላይ ካለው ጋር አስተያይቼ ትክክል ስለሆነ ከፍያለሁ። የሐኪሞቹ ድርጅት ግን ሕጉን ስጠቅስለት «እናየዋለን» ብሎ ዘጋኝ፤ ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ቅሬታ እንዳስገባ ቅጽ ልኮልኛል።

አሁን የቀረኝ የፋይናንስ ድጋፉ ማመልከቻ ነው። ያለፈውን ዓመት የግብር ወረቀትና የሁለታችንንም የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል። ባለቤቴ ግን በሕመሙ ምክንያት ለሦስት ሳምንት ያለ ክፍያ ቀርቶ ስለነበር ገቢያችን ከግብር ወረቀቱ ይልቅ ዝቅ ብሏል። ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሠሪው አጽፌ ባያይዘው ይቀበሉታል? ያመለከታችሁ ካላችሁ እስከ ዓርብ ንገሩኝ፤ ቅጹን ዓርብ በእጄ ወስጄ ላስገባው አስቤአለሁ።

የቢል ክፍል ሠራተኛ

አዎ፣ ያያይዙት። ደብዳቤው ባለቤትዎ ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት በቁጥር ይግለጽ፤ የሁሉንም ወረቀት ቅጂ ያስቀሩ፤ ሲያስገቡም ቀን ያለበት የመረከቢያ ማኅተም ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይነሡ።