እርዳታና ስብከት በአንድ ግቢ፦ ይለያዩ ወይስ አብረው ይቀጥሉ?

አወያይ፦ ሙሉ ወንጌልን የመሳሰሉ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በየአጥቢያቸው ችግረኛ ልጆችን ይመግባሉ፣ ያሳክማሉ፣ ያስጠናሉ፤ በዚያው ግቢም ወንጌል ይሰብካሉ። «አማኙን ያበዛው ዘይትና ስንዴ ነው» የሚለው ወቀሳ ባለፈው በስድብ ስለተቋጨ፣ ዛሬ ሰውን ትተን ነገሩን እንድንመረምር አደራ እላለሁ። ሁለቱ ሥራዎች ይለያዩ?

የሐዋሳው ተሳታፊ፦ ወቀሳው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ሙሉ ወንጌል በ1959 ዓ.ም. በአገሬው ወጣቶች ስትመሠረት የምትሰፍረው ስንዴ ቀርቶ ሕጋዊ ፈቃድ እንኳ አልነበራትም፤ ጠይቃ ተከልክላለች። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ የተሰበሰቡ 250 የሚጠጉ ምእመናን ታስረዋል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንውሰድ፤ ሥሯ ሜኖናይት የተባለ ሌላ የፕሮቴስታንት ወገን ቢሆንም አምልኮዋ ከጴንጤቆስጤው ብዙም አይለይም። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት፤ በ1983 ዓ.ም. ከተደበቀችበት ስትወጣ 34,000 ገደማ ሆነዋል። በእነዚያ ዓመታት በየቤቱ ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር እንጂ ዘይት የሚያድል አልነበረም።

የሕግ ባለሙያው፦ ወንድማችን ያነሡት ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ1983 ዓ.ም. በፊት የሆነው ከዚያ በኋላ ለሆነው ማስረጃ አይሆንም። የፕሮቴስታንቱ ድርሻ በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 10 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1999ኙ ከ18 በመቶ አልፏል (ጴንጤቆስጤ ያልሆኑት መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወትም በዚሁ ውስጥ ናቸው)። ኮምፓሽንን የመሳሰሉ የውጭ ድርጅቶች ከአጥቢያዎች ጋር ልጆችን መደገፍ የጀመሩትም በዚሁ ዘመን ነው። እድገቱን ያመጣው እርዳታው ነው አልልም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በቆጠራ ማረጋገጥ አይቻልም። የእኔ ጥያቄ ስለ ልጁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወላጅ ፈርሞ ነው ልጁ የሚመዘገበው ትሉ ይሆናል፤ ደብተርና የደንብ ልብስ መግዛት ያቃታት እናት ግን ምን አማራጭ ኖሯት ነው የምትፈርመው? በህንድ መንግሥት ሃይማኖት ማስለወጥ ነው በሚል ክስ ኮምፓሽን በ2009 ዓ.ም. ሥራውን ዘግቶ እንዲወጣ ሆኗል፤ የተጎዱት ልጆቹ ናቸው። እዚህ እንዲያ ከመሆኑ በፊት ብንለያቸው ይሻላል።

አንዲት ኦርቶዶክሳዊት እናት፦ እኔ ፈርሜያለሁ፤ ልጄም ተጠቅማለች፣ ይህን አልክድም። ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ለሁሉም ልጅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ታደለ። ልጄ እንቁላሉን በናፕኪን ጠቅልላ ቤት አመጣችውና «ካልበላሁት ይቆጡኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አላስገደዳትም፤ ነገር ግን ከልጆቹ መካከል የሚጾም እንዳለ ለማሰብ የሞከረም አልነበረም።

የፕሮጀክት ሠራተኛዋ፦ እኅቴ፣ የሚሉት በእኛም አጥቢያ ያጋጥም ነበር። አሁን በጾም ወቅት ለሚጾሙት ዳቦ በሻይ ወይም ሽሮ ለብቻ ይዘጋጃል፤ ይህ የሆነው ግን መመሪያ ወርዶ ሳይሆን ምግብ የምታበስለው ሴት ራሷ የሰፈሩን ሰው ስለምታውቅ ነው። ይለይ ለሚሉት ግን አንድ ነገር ልንገር። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ የሚያስጠኑት አብዛኞቹ ደመወዝ የሌላቸው የመዘምራንና የወጣቶች ክፍል አባላት ናቸው። እምነታቸውን በር ላይ አስቀምጡ ከተባሉ የሚመጡበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል። «በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ» የሚለው ቃል ነው ያመጣቸው።

የሐዋሳው ተሳታፊ፦ በዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። አገልግሎቱ ከውጭ በመጣ ገንዘብ አልተጀመረም። ጴንጤ ሆነ ተብሎ ከዕድር የተሰረዘ፣ ሬሳው መቀበሪያ የተከለከለ ሰው በየቦታው ነበር። ስለዚህ አማኙ በመጀመሪያ ያቋቋመው የራሱን ዕድር ነው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ገዝቶ፣ የመቃብር ቦታ ለማግኘት ማዘጋጃ ቤት ተመላልሶ። የልጆች ፕሮጀክቱ የዚያ ልማድ ቅጥያ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ የዕድሩን ነገር በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ለእኔ ክርክር ይረዳል። በዕድር አባሉ ያዋጣል፣ ይመርጣል፣ ይከሳል፣ ይሟገታል። በፕሮጀክቱ ግን ወላጅ ተቀባይ ብቻ ነው፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚሰበክ የሚወስኑት የአጥቢያው ሽማግሌዎችና ከባሕር ማዶ ገንዘቡን የሚልከው አካል ናቸው። ፈጽሞ ይለያዩ የሚለውን ልተወው፤ ከሌላ እምነት የሆኑ ወላጆች ግን በኮሚቴው ድምፅ ይኑራቸው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱም ከምግቡና ከሕክምናው ተለይቶ በፈቃድ ይሁን። ያልገባ ልጅ ስሙ ከመዝገብ እንደማይሰረዝ በጽሑፍ ይሰጠው።

የፕሮጀክት ሠራተኛዋ፦ የኮሚቴውን ነገር ለሽማግሌዎቻችን አቀርበዋለሁ፤ የሚቃወሙት አይመስለኝም። ትምህርቱ በፈቃድ ይሁን የሚለውን ግን አይቀበሉም፤ እኔም ራሴ አልቀበለውም። ልጁ ሲመዘገብ ትምህርቱ እንዳለ ለእናቱ ተነግሯታል። እናቲቱን ያስጨነቃት ድህነቷ ከሆነ፣ መፍትሔው የእኛን ትምህርት ማስቀረት ሳይሆን ቀበሌው፣ ደብሩና መስጊዱም በየግቢያቸው እንዲህ ያለ ቅዳሜ እንዲኖራቸው ማድረግ ነው።

ኦርቶዶክሳዊቷ እናት፦ ደብሩን እኛ እንጠይቃለን። እስከዚያው እናንተ ኮሚቴውን በጽሑፍ አድርጉት።