እናቴ ኮሮና ይዟታል፤ መስኮትም አላስከፍት፣ ጾምም አልፈታ ብላለች

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2013)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ማሳል ከጀመረች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ «ቤት ሆና ትከታተል፣ ከባሰባት ደውሉ» ብሎ ሸኘን። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። መኝታ ቤቱን ለእሷ ለቀን፣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ሳሎን ፍራሽ ዘርግተናል።

መስኮት ስከፍት «ብርድ ሊመታኝ ነው፣ ዝጊው» ትላለች። ሁዳዴን አልፈታም ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ወተትና እንቁላልማ አይነሳባትም። ከጎረቤት የተዋስኩት የጣት ኦክስጅን መለኪያ ትናንት ማታ 89 ሲለኝ ክው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ 95 አለ። የቱን ልመን? አንዷ ጎረቤት ደግሞ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ገዝታ በር ላይ አንጠልጥላልኝ ሄደች። ልስጣት?

እኔ ጎኔን ካሳረፍኩ ሦስት ሌሊት ሆነኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ በየሰዓቱ «ኦክስጅኗ ስንት ሆነ?» ይላል። አንድ ቀን «አንቺስ?» ቢል ምን ነበረበት።

ነርስ፣ ከባሕር ዳር

አይዞሽ እህቴ። ጣታቸው ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍራቸው ቀለም ካለው መለኪያው ይሳሳታል። እጃቸውን በእጅሽ አሙቂላቸው፣ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ ጻፊው። ደጋግመሽ ለክተሽ ከ94 በታች ከሆነ ለሐኪሙ ደውዪ። ወደ 90 ከወረደ፣ ወይም መለኪያው ምንም ይበል ሲያወሩ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ነገር ከተምታታባቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቂ። ወደ ኮሮና የስልክ መስመር 8335 ደውዪ፤ ካልተነሳልሽ መኪና ፈልገሽ ውሰጃቸው። ይሄ በሽታ ሻል አለ ሲባል በሁለተኛው ሳምንት የሚዞር ነው፤ አሁን ነው ዓይን መጣል።

ዴክሳሜታዞኑን ቆልፊበት። የጠቀመው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ነው። እናትሽ ላይ ደግሞ ስኳራቸውን ይሰቅልባቸዋል። ስኳራቸውንም ለኪ፤ ካስመለሳቸው ወይም ምግብ እንቢ ካሉ ስለ ሜትፎርሚኑ ሐኪሙን ጠይቂ።

አባቱን ያስታመመ፣ ከደሴ

እኛ የአባባን መስኮት ያስከፈትነው በጋቢ ነው። ራሱን በፎጣ ጠቀለልንለት፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ደረብን፣ አልጋውን ከንፋሱ ፊት ዞር አደረግነው፣ ከዚያ «ትንሽ ብቻ» እያልን ገርበብ። የመኝታ ቤቱ በር ግን ይዘጋ፤ አለዚያ አየሩ ልጆችሽ ጋ ነው የሚሄደው። የሳሎኑንም መስኮት ክፈቺ። ስትገቢ ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ።

ባሕር ዛፍ እናፍላ የሚል ካለ ተይው። ልናጥነው ስንል ድስቱ ተገልብጦ የእህቴን እግር ላጠው። ኮሮና ያልወሰዳት ጤና ጣቢያ በፈላ ውኃ ሄደች።

የቄስ ልጅ

እማማን አንቺ ጾም አታስፈቻቸውም፤ ከልጅ አፍ ሲሰሙት ፈተና ነው የሚመስላቸው። የንስሐ አባታቸውን ደውለሽ ስፒከር ላይ አድርጊ። ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ እሳቸው ይንገሯቸው።

ከሪያድ

ወንድምሽን አትቀየሚው። እኔም እናቴ ስትታመም እንደሱ ነበርኩ፤ ሩቅ ያለ ሰው ያለው ስልክ ብቻ ነው። ግን ሥራ ስጪው። ቁጥሩን በቀን ሁለቴ በቴሌግራም ላኪለት፤ ዘመድ ሁሉ ወደ እሱ ይደውል። ደግሞ አሜሪካ ገና ሲመሽ እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት አልፏል። ቪዲዮ ከፍቶ እናቱን ይጠብቅ፣ ትንፋሿ ከተለወጠ አንቺን ይቀስቅስ። እስከዚያ ተኚ።

ጠያቂዋ (ከሁለት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኦክስጅኗ ከ94 አልወረደም። አባ ደውለው «ልጄ፣ መድኃኒት ነው፣ ጠጪው» አሏት፤ አጥሚቱን በወተት ጠጣች። ወንድሜ ትናንት ሌሊት ስልኩ ላይ አደረ። እኔ አምስት ሰዓት ተኛሁ። ጠዋት ስገባ ሁለቱ ስለ ድሮ ሰፈራችን ያወራሉ፣ እሷ እያሳለች ትስቃለች። መስኮቱ አሁንም ግማሽ ነው።