የአርመርድ ኬብል ብረት ሽቦ ለኧርዝ ይበቃል?

ጀማሪ_ኤሌክትሪሺያን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከዋናው ፓኔል ወደ ጓሮ ወርክሾፕ ባለ 4 ኮር (ውስጠ ሽቦ)፣ 16 ካሬ ሚሜ አርመርድ ኬብል በመሬት ውስጥ ዘርግተናል። ሦስቱ ለፌዝ፣ አንዱ ለኒውትራል ሄዱና ለኧርዝ (ለመሬት መስመር) የተረፈ ኮር የለም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ዙሪያውን ያለው የብረት ሽቦ ይበቃል» ይላል፣ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። መዳብ ለብቻው ልጎትት?

ሽቦ_አዋቂ፦ ልጁ እውነቱን ነው፣ ግን ሳይሰላ አይታለፍም። ብረት ከመዳብ 8 እጥፍ ገደማ ሬዚስታንስ አለው። የሚያድነው የሽቦዎቹ ብዛት ነው። የፎልት ከረንቱን (በብልሽት ጊዜ የሚፈሰውን) ስኩዌር በሚፈስበት ሰከንድ አባዛው፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣና ለኬ (ሽቦው ሙቀቱን የመቻል አቅሙን ለሚያሳየው ቁጥር) አካፍለው፤ የሚወጣው የሚያስፈልግህ ስፋት ነው። በእንግሊዙ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ፣ ቢኤስ 7671፣ ለፒቪሲ ኬብል የብረት ሽቦው ኬ 51 ነው፣ እዚያው ኬብል ውስጥ ላለ መዳብ 115። 1000 አምፔር ለ0.4 ሰከንድ ቢፈስ ብረቱ 12.4 ካሬ ሚሜ ያስፈልገዋል፣ መዳብ ቢሆን 5.5 ይበቃ ነበር። ያንተን ኬብል የብረት ስፋት ከአምራቹ ሠንጠረዥ አይተህ አወዳድር።

ፓኔል_ገጣሚ፦ ስሌቱ ላይ ክርክር የለኝም፣ እኔ ብልሽት ያየሁት ግን ሁሌም ግላንዱ (ኬብሉን ሣጥኑ ላይ የሚያጠብቀው ማሰሪያ) ላይ ነው። ቀለም የተቀባ ሣጥን ላይ ግላንዱን አጥብቀው ይሄዳሉ፣ ቀለሙ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም! በአንዲት የተፋቀች ጠርዝ ብቻ ቢነካካም መልቲሜትር ይጮህላችኋል፣ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሲመጣ ግን እዚያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከግላንዱ ጋር የሚመጣውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቀለበት አስገባ፣ በቦልት እሰረውና ከእሱ ወደ ኧርዝ ባሩ መዳብ ሳብ። ሽቦዎቹ በሙሉ በግላንዱ ኮን ዙሪያ ይያዙ፣ ግማሹን ቆርጦ መጣል የለም። መጨረሻ ላይ በሉፕ ቴስተር (የፎልት ከረንቱን መንገድ ሙሉ ሬዚስታንስ በሚለካው መሣሪያ) ለካ፣ መልቲሜትር ለዚህ አይሆንም።

የድሮ_ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ መዳብ ብትጎትትም ብረቱን ኧርዝ ሳታደርግ እንዳትተወው። ዶማ ኬብሉን ቢወጋው ፌዙ ብረቱን ይነካል፣ ብሬከሩ መስመሩን የሚቆርጠው ያ ብረት ኧርዝ ሲኖረው ነው። ያለዚያ ብረቱ ዳር እስከ ዳር ቮልቴጅ ተሸክሞ ሰው ይጠብቃል። ይሄ የሰው ነፍስ ነው።

ጀማሪ_ኤሌክትሪሺያን፦ በጣም አመሰግናለሁ። ወርክሾፑ ውስጥ የብረት የውኃ ቧንቧም ይገባል፣ ለውጥ ያመጣል?

ሽቦ_አዋቂ፦ ያመጣል እንጂ! ቧንቧውን ከዋናው ኧርዝ ጋር ማገናኘት 10 ካሬ ሚሜ መዳብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በብረት ያንኑ ለማግኘት 80 ገደማ ያስፈልጋል። ያንተ ኬብል እዚያ አይደርስም። እንደዚያ ከሆነ መዳቡን ጎትት፣ ብረቱንም በሁለቱም ጫፍ እሰረው።