ኔትወርክ ማርኬቲንግ፦ ጨርሶ ይከልከል ወይስ ደንብ ይበጅለት?

ዮናስ፦ አባላት ዕቃ እየሸጡና ሌሎችን እያስገቡ ኮሚሽን የሚያገኙበት ይህ ንግድ ይከልከል ባይ ነኝ። ደንብ ምን እንደሚፈይድ አሜሪካ አሳይታናለች። በ1979 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ የዚሁ ንግድ ኩባንያ የሆነውን አምዌይን ፒራሚድ (ገቢው ከሽያጭ ሳይሆን አዲስ ሰው ከማስገባት የሚመጣ አሠራር) አይደለም ያለው ኩባንያው ራሱ ባወጣቸው ሦስት ደንቦች ተማምኖ ነው፦ አከፋፋዩ ከገዛው 70 በመቶውን ይሽጥ፣ በወር ቢያንስ ለ10 ደንበኞች በችርቻሮ ይሽጥ፣ የተረፈውን አስገቢው (አከፋፋዩን ወደ ሥራው ያመጣው አባል) መልሶ ይግዛው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተመሳሳይ ደንብ ወረቀታቸው ላይ አሰፈሩ። መፈጸሙን የሚያጣራው ማን ነው? ራሱ ኩባንያው!

ሜሮን፦ ዮናስ፣ 1979 ላይ ቆምክ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌላው የዘርፉ ኩባንያ ኸርባላይፍ 200 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል የክፍያ ሥርዓቱንም እንዲቀይር ተገዷል። ለአከፋፋዮች ከሚከፈለው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በማስረጃ ከተረጋገጠ የችርቻሮ ሽያጭ መምጣት አለበት። ከሽያጩ 80 በመቶው ለእውነተኛ ተጠቃሚ ካልደረሰ ደግሞ ክፍያው ይቀነሳል። ይህ ደረሰኝ የሚጠይቅ ደንብ ነው። አድቮኬር የተባለው ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከዘርፉ ሲወጣም በጅምላ ክልከላ አልነበረም፤ ጉዳዩ ለብቻው ታይቶ ነው።

ብሩክ፦ ሁለታችሁም የክፍያ ቀመሩን ዘለላችሁት፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። የግራና ቀኝ እግር አሠራርን፣ ማለትም ከሥርህ ያሉት አባላት በሁለት ወገን የሚሰለፉበትን፣ ውሰዱ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። በግራ የ40,000 ብር ግዢ ተመዘገበ፣ በቀኝ የ6,000። ኮሚሽኑ ከደካማው እግር 10 በመቶ ከሆነ የሚደርስህ 600 ብር ነው። የግራው 34,000 ትርፍ እንደ ኩባንያው ወይ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል ወይ ይሰረዛል። 600ውን ለመቀበል ግን በወሩ «አክቲቭ» መሆን አለብህ፤ ለዚያ የ2,000 ብር ዕቃ ትገዛለህ። 1,400 ብር ከኪስ ወጣ፣ ዕቃው ቤት ተቆለለ፣ ኩባንያው ግን 2,000ውን «ሽያጭ» ብሎ መዝግቦታል። ክርክሩ መሆን ያለበት ይህ ግዢ ሽያጭ ይባላል ወይ በሚለው ላይ ነው።

ሜሮን፦ ዕቃው ሳሙና ከሆነማ ታጥቦበታል እኮ። አባል ስለሆነ ተጠቃሚ አይደለም ማለት አይቻልም።

ብሩክ፦ መለያው ቀላል ነው፦ ኮሚሽኑ ቢቀር በዚያ ዋጋ ይገዛው ነበር? ሱቅ ካለው ተመሳሳይ ዕቃ ጋር አስተያይው።

ዮናስ፦ መልሶ መግዛቱም ያው ነው። የአሜሪካ ቀጥታ ሻጮች ማኅበር ሥነ ምግባር ደንብ በ12 ወር ውስጥ የተገዛና ሊሸጥ የሚችል ዕቃ በ90 በመቶ ዋጋ ይመለስ ይላል። «ሊሸጥ የሚችል» የሚለውን ልብ በሉ፤ የተከፈተ ካርቶን አይገባም። ዕቃው ሲመለስ የአፕላይኑ (ከላይህ ያለው አስገቢህ) ኮሚሽንም ተመላሽ ስለሚሆን «ትንሽ ታገሥ» የሚልህ መጀመሪያ እሱ ነው። እስክትታገሥ 12 ወሩ ያልፋል።

ሜሮን፦ እሺ፣ ይከልከል እንበል። ሕጉ ምን ብሎ ይጻፍ? የእኛው አዋጅ 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል፤ መለኪያው ግን ሸማቹ አግባብቶ ያስገዛቸው ሰዎች ብዛት ነው። ኩባንያው «እኔ የምከፍለው በግዢ መጠን በሚቆጠር ነጥብ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም» ቢልህ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይዞ ይቀርባል?

ብሩክ፦ የገዢዎቹን ዝርዝር። ከአባላት ውጭ ስንት ስም አለበት? በተጨማሪም አባላት ስንት እንደሚያገኙ ኩባንያው የሚያወጣው የገቢ መግለጫ። እሱንም ስታዩ አማካዩን (ድምሩ ለአባላት ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘውን) ተዉትና መካከለኛውን (አባላት በገቢ ሲደረደሩ መሐል ላይ ያለው ሰው የሚያገኘውን) ፈልጉ፤ ምንም ያላገኙት «አክቲቭ አይደሉም» ተብለው ወጥተው እንደሆነ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ፤ ወጪ አለመቀነሱንም እዩ።

ዮናስ፦ ያን ዝርዝር በፈቃዱ የሚያስረክብ ካለ የክልከላ ሐሳቤን አነሳለሁ።

ሜሮን፦ በፈቃዱ ማን አለ? የንግድ ፈቃድ ሲታደስ አብሮ ይቅረብ።