አይሶናያዚድ ፒኤልጂኤ ውስጥ አልገባ አለ፣ ሲደርቅም ይጣበቃል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቲቢ መድኃኒቶችን (አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን) ፒኤልጂኤ (ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚፈርስ ፖሊመር፤ የላክቲክና የግላይኮሊክ አሲድ ድርሻው 50፡50) ናኖፓርቲክል ውስጥ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ውስጥ፣ ለማስገባት እየሠራሁ ነው። 100 ሚ.ግ ፒኤልጂኤና 10 ሚ.ግ መድኃኒት በ10 ሚ.ሊ አሴቶን አሟሟና፣ እየተማሰለ ባለ 20 ሚ.ሊ የ1% ፒቪኤ (ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያግዝ ፖሊመር) ሙሙት ላይ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። የቅንጣቶቹ መጠን 180 ናኖሜትር፣ ፒዲአይው (የመጠናቸው መለያየት መለኪያ) 0.12 ነው። ሪፋምፒሲን በደንብ ይያዛል፤ አይሶናያዚድ ግን 5% እንኳ አይሞላም። ደግሞ በፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ በረዶውን በማትነን የሚያደርቅ መሣሪያ) ካደረቅኩት በኋላ ውኃ ሲጨመርበት አይበተንም፤ መጠኑ ሲለካ ከ1 ማይክሮን በላይ ያነባል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
የአይሶናያዚዱ ችግር ከዘዴው ነው። አሴቶን ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ ጠብታው ውኃ ሲነካ ወዲያው ይወጣል፤ አይሶናያዚድ ደግሞ 1 ሚ.ሊ ውኃ ውስጥ ከ100 ሚ.ግ በላይ ስለሚሟሟ አብሮት ያመልጣል። የማማሰያውን ፍጥነት ቢቀያይሩ ለውጥ አያመጣም።

ድርብ ኢመልሽን ይሞክሩ፤ ይህም መድኃኒቱን የያዘ ውኃ በፖሊመር ጠብታ ውስጥ፣ ጠብታውም በሌላ ውኃ ውስጥ የሚሆንበት ዘዴ ነው። 20 ሚ.ግ አይሶናያዚድ በ0.5 ሚ.ሊ ውኃ፣ 100 ሚ.ግ ፒኤልጂኤ በ4 ሚ.ሊ ዳይክሎሮሜቴን (ከውኃ ጋር የማይዋሃድ አሟሚ) ለየብቻ ያሟሙና ይቀላቅሏቸው። ዕቃውን በረዶ ውስጥ አድርገው እያረፉ ለ1 ደቂቃ በፕሮብ ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚመታ መሣሪያ) ይምቱ፣ 10 ሚ.ሊ የ2% ፒቪኤ ላይ ገልብጠው ለ2 ደቂቃ ይድገሙ። የውጪው ውኃ ላይ ጨው መጨመር የውስጡ መድኃኒት እንዳይሸሽ ያግዛል። ከዚያ ለ3 እስከ 4 ሰዓት ክፍት አድርገው ያማስሉ። ዳይክሎሮሜቴን በመጨረሻው ምርት ከ600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 600 እጅ) ማለፍ ስለሌለበት ቅሪቱን ያስለኩ። ይህም ሆኖ ሪፋምፒሲንን የሚያህል ውጤት አይጠብቁ።

ሁለቱን አንድ ላይ ለመጫን ካሰቡ ይጠንቀቁ፤ አሲድ ባለበት አይሶናያዚድ የሪፋምፒሲንን መበላሸት ያፋጥናል፣ ፒኤልጂኤ ሲፈርስ ደግሞ አሲድ ይለቃል።

መልስ 2፦
መጣበቁ የሚመጣው በረዶው ሲሠራ ቅንጣቶቹን ገፍቶ ስለሚያጨናንቃቸው ነው። ከማቀዝቀዝዎ በፊት ስኳር፣ ማለትም 5% ትሬሃሎዝ ወይም ሱክሮዝ ይጨምሩ፣ ስስ አድርገው በ−80 ዲግሪ በፍጥነት ያቀዝቅዙ። ሴንትሪፊውጁንም ይፈትሹ፤ ፍጥነቱ ከበዛ ዝቃጩ ከመድረቁም በፊት አልበተን ይላል። ሙቀት አይጠቀሙ፣ ፒኤልጂኤ ከ45 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል።

መልስ 3፦
የሪፋምፒሲኑን ውጤትም አልቀበለውም፣ እንደገና ይለካ። ሳይያዝ የቀረው ሪፋምፒሲን ውኃ ውስጥ ክሪስታል ሠርቶ ከናኖፓርቲክሉ ጋር ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ ከለኩ ሁሉም የተያዘ ይመስላል። ከሴንትሪፊውጅ በፊት በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያሳልፉ፣ ዝቃጩን አሟሙተው በብርሃን መለኪያ (ስፔክትሮፎቶሜትር) በ475 ናኖሜትር ያንብቡ። አይሶናያዚድን በ262 ማንበብ ይቻላል፣ ሪፋምፒሲን ካለበት ግን እሱም እዚያ ስለሚነበብ ኤችፒኤልሲ (ሁለቱን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል።