አስቸኳይ! ነገ ንጋት ስካይኮሚሽ ወንዝ ላይ ነኝ፦ ለዓሣ ማጥመጃ ክር ብሬድ ይሻላል ወይስ ሞኖ?

የሬንተኑ (ጠያቂ)
ወገን፣ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ዛሬ ሁለት ስቲልሄድ ዓሣ አመለጠኝ። ቦበሩ፣ ተንሳፋፊው ማለቴ ነው፣ ይሰምጣል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ከዚያ ክሩ ዝም ብሎ መውጣት ይጀምራል። ድራጉን፣ የክር መጠቅለያውን ፍሬን ማለቴ ነው፣ እስከ መጨረሻ ባጠብቀውም አይቆምም። ዓሣው ታች ፏፏቴ ውስጥ ገብቶ መንጠቆውን ያራግፋል። ክሩ አዲስ ብሬድ ነው፣ 30 ፓውንድ የሚችል። አሁን ሁሉንም አውጥቼ ሞኖ ልጠቅልበት? ስንት ፓውንድ? ሱቁ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ነው የቀረው።

ሳሚ ኬንት
ሞኖ ግዛ። 12 ፓውንድ። አለቀ።

ጋሽ ወንዙ
ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት የያዝከውን ዕወቅ። ብሬድ ማለት ብዙ ቀጫጭን የፖሊኤትሊን ክሮች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ነው። ሞኖ ደግሞ አንድ ወጥ የናይሎን ክር ነው። ብሬድ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ሞኖ ሲጎተት በደንብ ይለጠጣል። ባለ 30 ፓውንድ ብሬድ ውፍረቱ ከባለ 8 ፓውንድ ሞኖ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ጥቅሉ ላይ ብዙ ሜትር ይይዝልሃል፣ ሩቅም ይወረወራል። ብሬድ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ሞኖ ቀስ ብሎ ይሰምጣል።

ክፉው ነገር፣ ብሬድ ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ቶሎ ይላጣል። የስካይኮሚሽን ድንጋይ ደግሞ አይተኸዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድም ብሬድ ውኃ ይዞ ይወጣና የዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ይሠራል። ጃንዋሪ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ስቲልሄድ የቀስተ ደመና ትራውት ሆኖ ባሕር ወርዶ የሚመለሰው ነው። እኛ አገር ባሌ ውስጥ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ የተለቀቀውም ትራውት አንዱ ይኸው ዝርያ ነው። ከ1969 ጀምሮ የዋሽንግተን ግዛት ዓሣ ተብሎ ተሰይሟል። ክብር ያለው ዓሣ ነው፤ በክብር ያዘው።

የሬንተኑ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ሱቁ ሊዘጋ ነው። ልግዛ ወይስ አልግዛ?

ማሙሽ ነኝ
ሁለቱ ዓሦች ክትፎ መስሏቸው ቀርበው መንጠቆው ላይ ጥሬ እንቁላል ሲያዩ ነው የሸሹት 😂

ዳኒ ኤቨረት
ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። «ብሬድ ወይስ ሞኖ» የሚባል ነገር የለም። በምን ስልት ነው የምታጠምደው? ቦበር ካልክ ብሬድ ነው የሚያስፈልግህ። ክሩ ውኃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ጅረቱ ሲጎትተው ብድግ አድርገህ ወደ ላይ ትመልሰዋለህ፣ ቦበሩ ሳይንገጫገጭ ይወርዳል። ሞኖ ግን ሰምጦ ቦበሩን ይጎትተዋል። በእርሳስ ክብደት የወንዙን ወለል እየነካካህ የምታንሸራትት ከሆነ ነው ሞኖ የሚሻለው፣ 12 ወይም 15 ፓውንድ። ድንጋዩን ይችላል፣ ሲለጠጥም የዓሣውን ግንፍልታ ያበርዳል። ክሩ በነጻ እየወጣ ከሆነ ግን ችግሩ የክሩ ዓይነት አይደለም። ሪልህ፣ የክር መጠቅለያው፣ ነው የተበላሸው።

የሬንተኑ
ዳኒ፣ ሪሉ ከብሬዱ ጋር አብሮ የተገዛ አዲስ ነው። ስፒኒንግ የሚባለው ዓይነት ነው። እንዴት ይበላሻል?

ሳሚ ኬንት
አልኩ እኮ። ሞኖ 12።

ሐዋሳ ተወልጄ
እኛ አሞራ ገደል በእጅ ክር ብቻ ነበር ቆሮሶ የምናወጣው። ሪልም ድራግም አልነበረም። እዚህ ነገር ታበዛላችሁ።

ዳኒ ኤቨረት
ወንድሜ ቆሮሶና ስቲልሄድ አንድ አይደሉም። ይሄ 10 ፓውንድ ሆኖ ከጅረት ጋር የሚሮጥ ዓሣ ነው። በእጅህ ያዝና ጣትህን ታየዋለህ።

ሚሚ ታኮማ
የሬንተኑ፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። ድራጉን እንዳጠበቅከው ተወው። ሪሉን በግራ እጅህ ያዝ፣ የክሩን ጫፍ ጨርቅ ላይ ጠቅልለህ ሳበው። አሁን የብረቱን ስፑል፣ ክሩ የተጠቀለለበትን፣ እየው። ስፑሉ ቆሞ ክሩ ከነጥቅሉ በላዩ ላይ እየዞረ ነው ወይ? ብሬዱን ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ አስረህ ከሆነ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ለስላሳ ስለሆነ ብረቱን አይጨብጥም። ሰው ሁሉ ድራጌ ተበላሸ ይላል፤ ድራጉ ግን ደኅና ነው።

ማሙሽ ነኝ
እኔ የማውቀው ዓሣ ገበያ ላይ በረዶ ላይ የተኛውን ነው። እሱ አያመልጥም።

የሬንተኑ
ሚሚ!! ይዞራል! ስፑሉ አይነቃነቅም፣ ክሩ ግን ጠቅላላ እንደ ቀለበት ይዞራል። አዎ ቀጥታ ነው ያሰርኩት። ሌላ መንገድ መኖሩን ማንም አልነገረኝም። አሁን ምን ላድርግ? ቤት ውስጥ አሮጌ ሞኖ አለኝ።

ሚሚ ታኮማ
እንግዲያው ሱቅ መሄድ አያስፈልግህም። ብሬዱን በሙሉ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠቅልለው። መጀመሪያ የወጣው ጫፍ ጠርሙሱ ላይ ከሥር ስለሚሆን ሲመለስ እንደነበረው ይመለሳል። ከዚያ ሞኖውን ስፑሉ ላይ እሰርና ብረቱ እስኪሸፈን አንድ ሁለት ረድፍ ጠቅልል። ናይሎን ብረት ይጨብጣል። የሞኖውን ጫፍና የብሬዱን ጫፍ በደብል ዩኒ ቋጠሮ አገናኝ፤ በብሬዱ በኩል 8 ዙር፣ በሞኖው በኩል 4 ወይም 5። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው፤ ደረቅ ሞኖ ሲሳብ ይግላል፣ ሲግል ይደክማል። ብሬዱን ስትመልስ በእርጥብ ጨርቅ ይዘህ ጠበቅ አድርገህ ጠቅልል። ልል ከሆነ ነገ ክሩ ውስጡ ይቀበርና ስትወረውር ይተበተባል። ከስፑሉ ከንፈር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል አቁም።

ሞኖው ካላማረህ ስፑሉ ላይ አንድ ዙር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፈህ በላዩ ላይ እሰር። እሱም ይይዛል።

ሳሚ ኬንት
ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሞኖ ግዢ ይበልጣል።

ዳኒ ኤቨረት
ሚሚ ልክ ናት። ሪሉ ተበላሽቷል ያልኩትን ተወው። ግን የሬንተኑ፣ አንድ ነገር አልነገርከንም። ሊደር፣ ከመንጠቆው በፊት የሚቀጠለው አጭር ክር፣ አለህ? ብሬዱን በቀጥታ መንጠቆ ላይ ነው ያሰርከው?

የሬንተኑ
ሊደር የለኝም፤ ብሬዱ እስከ መንጠቆው ነው። ያስፈልጋል?

ዳኒ ኤቨረት
ያስፈልጋል! ብሬድ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ ይታያል። ድንጋይ ሲነክስህ ደግሞ 30 ፓውንዱ አልበጠስ ይልሃል፣ ወይም ሲበጠስ ከቦበሩ በላይ ተበጥሶ ሜትሮች ክር ወንዝ ውስጥ ይቀራል። ወፍ ይጠመድበታል። ከቦበሩ በታች ባለ 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ሊደር አድርግ። እሱ ይሰምጣል፣ ፍትጊያም ይችላል። ሲይዝህ ሊደሩ ብቻ ይቆረጣል። ብሬዱን በእጅህ ጠምጥመህ እንዳትስብ፤ ሥጋ ድረስ ይቆርጣል። እንጨት ላይ ጠምጥመህ ሳብ።

ሚሚ ታኮማ
ድራጉንም አላላው! አሁን እስከ መጨረሻ የጠበቀው ክሩ ስለሚዞር ምንም አልጎዳህም። ነገ ግን ጥቅሉ ብረቱን ሲጨብጥ ያው ድራግ 10 ፓውንዱን ሊደር በመጀመሪያው ሩጫ ይበጥሰዋል። ብሬድ አይለጠጥም፣ ግንፍልታውን የሚያበርድልህ ዘንጉና ድራጉ ብቻ ናቸው። በሻንጣ ሚዛን ሳበውና 3 ፓውንድ አካባቢ ሲሆን መልቀቅ ይጀምር።

ጋሽ ወንዙ
ደንቡንም ልጨምር። ከመሄድህ በፊት የግዛቱን የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የነገውን ደንብ አንብብ፤ ወንዝ በድንገት ይዘጋል። ከጀርባው ኋላ፣ ጅራቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክንፍ ተቆርጣ ከዳነች በሰው እጅ ተፈልፍሎ የተለቀቀ ዓሣ ነው፤ ወንዙ ክፍት ከሆነ ትወስደዋለህ፣ ወዲያው የያዝከውን ዓሣ መመዝገቢያ ካርድህ ላይ ትመዘግባለህ። ክንፏ ካለች የዱር ነው፤ ከውኃ ሳታወጣው ትለቀዋለህ። የፑጀት ሳውንድ ስቲልሄድ ከ2007 ጀምሮ ሊጠፋ ይችላል ተብሎ በፌዴራል ሕግ የተመዘገበ ነው። ለፎቶ ብለህ ድንጋይ ላይ እንዳታንጠለጥለው።

የሬንተኑ
እሺ ጋሼ። ጠርሙሱን አገኘሁ፣ እየጠቀለልኩ ነው። ሊደሩን ሱቁ ሳይዘጋ ልሩጥ።

ሐዋሳ ተወልጄ
ስትመለስ ፎቶ ለጥፍ።

ቤቲ ሾርላይን
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የተወው ሞኖ አለ። ልጆቼ ሊጠቀሙበት ይችላሉ?

ሚሚ ታኮማ
ቤቲዬ፣ ጣይው። ናይሎንን ፀሐይ ያደክመዋል። አንድ ክንድ ያህል ቁረጪና በሁለት እጅሽ ጨርቅ ይዘሽ ንጠቂው፤ ጠቅ ብሎ ከተበጠሰ መልሱን አገኘሽ። ስትጥይ አጫጭር አድርገሽ ቆራርጪው።