ትኩሳቱን ያመጣው ሽታው ነው ወይስ በርሜላችን?

የሰፈሩ ገንዘብ ያዥ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ዛሬ እንቁረጠው። የተዋጣው ብር ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ግማሹ ሰው በመኪና ቆሻሻውን ከደቻቱ ወንዝ ዳር እናስነሳ ይላል። ግማሹ ደግሞ ለየቤቱ በርሜል ክዳን እናሰራ ይላል። ሁለቱም ወገን ሰፈሩን የያዘውን ትኩሳት የሚያስቆመው የእኔ ሐሳብ ነው ባይ ነው። ተከራከሩ፣ ስድብ ግን የለም።

ባለባጃጁ፦ አቦ ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? እኔ በቀን ሃያ ጊዜ በደቻቱ ድልድይ እመላለሳለሁ። ፀሐይ ሲከር ሽታው ራስ ያዞራል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ አንቀጥቅጦ አስተኛኝ። ሽታው ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

የመጋላዋ እማማ፦ እውነቱን ነው ልጄ። መጥፎ ሽታ ያገኘው ሰው ምች ይመታዋል ትለን ነበር እናቴ። ዳማከሴ አሽቶ መጠጣት ነው። እኔ ሲመሽ መስኮቴን ጥርቅም አድርጌ ዕጣን አጨሳለሁ፣ ይኸው ደህና ነኝ።

ነርሷ፦ እማማ፣ አንቺ ስልሽ አትቀየሚኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። 2006 ላይ ደንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ መጣ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን ሙሉ ሲያስተኛ ሽታ በሌለበት ግቢ ያለውም መገጣጠሚያው ተይዞ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቢምቢ አንድ ናት። በቀን ትነክሳለች። የምትራባውም በርሜልና ሮቶ ውስጥ ባለ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ባለባጃጁ፣ አንተስ ጓሮ የጣልካቸው አሮጌ ጎማዎች ዝናብ አልያዙም? ደግሞ ሁለት ቀን ካንቀጠቀጠህ ተመርመር እንጂ እዚህ አትከራከር።

ባለባጃጁ፦ ጎማዬ ምን አደረገሽ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ባለባጃጁን አትሳቁበት። የዓለም ሐኪሞችም ለዘመናት እንደሱ ነበር የሚያስቡት። ማላሪያ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ መጥፎ አየር ማለት ነው። የእኛም ደገኞች ቆላ ወርዶ ማደር ያስፈራቸው ነበር። አየሩ ይገድላል ይሉ ነበር። ሳይመሽ መውጣታቸው ግን ጠቅሟቸዋል፤ የወባ ቢምቢ በአብዛኛው የምትነክሰው ከመሸ በኋላ ነዋ! ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ ከቢምቢ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው።

ለንደንም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራ ሲገባ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ችግሩ ውሃው ነው አለ። የአንዱን መንገድ ፓምፕ እጀታ አስነቀለ። ብዙዎቹ ግን አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ሲገማ የፓርላማው ሰዎች መቀመጥ አቃታቸው። ያኔ ነው ለትልቅ የፍሳሽ መስመር ገንዘብ የፈቀዱት። ሽታውን ሸሽተው ሠሩት፣ ኮሌራውም ጠፋላቸው።

ባለባጃጁ፦ በቃ! እኔስ ምን አልኩ? ሽታውን አጠፉ፣ ዳኑ። መኪናው ይምጣ።

ጡረተኛው መምህር፦ ረጋ በል። የዳኑት ፍሳሹ ከሚጠጡት ውሃ ስለራቀ ነው። አንተ የደቻቱን ውሃ ትጠጣለህ እንዴ?

ነርሷ፦ ቆሻሻው ይቅር አላልኩም። ዝንብ ያፈላል፣ አተት ሲገባ መዘዙ ብዙ ነው። ትኩሳቱን ግን አያስቆምም። ወባም ቢሆን አሁን ሌላ መልክ ይዟል። ስቴፈንሲ የምትባል እንግዳ ቢምቢ መጥታለች፤ እንደ ድሮው ረግረግ አትፈልግም፣ የበርሜል ውሃ ይበቃታል። በ2014 በበጋው፣ ዝናብ ሳይኖር፣ እዚሁ ድሬ ወባ የተነሳው በእሷ ነው።

እማማ፣ መስኮቱንም ክፈቺው። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ የሚኒባስ መስኮት የከፈተ ሰው ጉዱ ይፈላል። ንፋሱ ግን አይደለም የሚያሳምመው። በአየር የሚተላለፈው ቲቢ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚወደው የተዘጋ ቤት ነው።

የመጋላዋ እማማ፦ ቆዩ እስቲ። አሁን በስልኬ መብራት በርሜሌን አየሁት። ውሃው መስታወት ነው፣ ሽታ የሚባል የለውም። ግን ከላይ ክር የሚያካክሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል። መብራቱን ሳስጠጋ እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። ወይ ጉድ! ልድፋው? ቧንቧው ከሄደ እኮ አምስት ቀኑ ነው።

ነርሷ፦ አትድፊው። በነጠላ አጥልዪና ለልብስ አጠባ ይሁንሽ። ባዶውን በርሜል ግን ውስጡን በብሩሽ ፈትጊው። እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለወራት ደርቆ ይቆያል፣ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል።

የሰፈሩ ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ድምፅ ስጡ።

የመጋላዋ እማማ፦ ክዳን። ዕጣኔን ግን አልተውም።

ባለባጃጁ፦ እኔም ክዳን። ቆሻሻውን ቅዳሜ በአካፋ እናነሳዋለን። ባጃጄን ለጭነት የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር!